ፈሳሽ የሚያልፍበት ስስ ሲሊንደር እንዳይጨራመት፦ የመረጋጋት ፍተሻ አሠራር

ስስ ግድግዳ ያለው ቱቦ የውስጥ ግፊት ሲኖረው ይወጠራል፣ ቅርጹንም ይበልጥ ይይዛል። ግፊቱ ሲጎድልበት ወይም በውስጡ የሚያልፈው ፈሳሽ ሲፈጥንበት ግን ግድግዳው ክብነቱን ለቆ ይሰረጉዳል፤ አንዱ ጫፉ ልቅ ከሆነ ደግሞ ነፋስ እንደያዘው ባንዲራ ይርገበገባል። የግፊት ጉድለትና የፍሰት ፍጥነት የሚበሉት አንድ ዓይነት አቅም ነው፦ የግድግዳውን ግትርነት። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አስልቶ «ይሄም ደህና፣ ያም ደህና» ማለት አያዋጣም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ያገናኛቸዋል። በካልኩሌተር ይሠራል፤ በኤክሴል ደግሞ ይቀላል።

አሠራሩ የሚያገለግለው ራዲየሱ ከግድግዳው ውፍረት ቢያንስ 20 እጥፍ ለሆነ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ለተያዙ፣ ፈሳሹም ሞልቶ ለሚያልፍበት ሲሊንደር ነው። የሚያልፈው ጋዝ ከሆነ ፍጥነቱ በዚያ ጋዝ ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ከ0.3 እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በላይ የጋዙ መታመቅ ሌላ ስሌት ይጠይቃል።

1. መለካት

ውፍረቱን ከካታሎግ አይውሰዱ። በአልትራሳውንድ መለኪያ በአንድ ዙሪያ ላይ ቢያንስ 8 ነጥብ ይለኩ፤ ይህንኑ በርዝመቱ ላይ በሦስት ቦታ ይድገሙ። ለስሌቱ አማካዩን ሳይሆን ዝቅተኛውን ይያዙ፤ ግድግዳው የመታጠፍ ጭነትን የሚቋቋምበት አቅም ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር ስለሚሄድ 10 ከመቶ የቀጠነ ግድግዳ ከዚህ አቅሙ 27 ከመቶ ያህሉን አጥቷል። ዝገት ያለበት ከሆነ የሚጠበቀውን የዝገት መጠንም አስቀድመው ይቀንሱ።

ክብነቱን ለማወቅ ትልቁንና ትንሹን ዲያሜትር ለክተው ልዩነቱን ለስመ ዲያሜትሩ ያካፍሉ። ከ1 ከመቶ በላይ ከሆነ ስሌት ከመጀመርዎ በፊት ቱቦው መቃናት አለበት። በብየዳ መስመር አጠገብ ያለ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስርጉድም ይመዝገብ፤ ሲሊንደሩ መጨራመት ሲጀምር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ርዝመት ማለት የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት አይደለም። ግድግዳውን ክብ አድርጎ ከሚይዝ አንድ ነገር (ፍላንጅ፣ ጠንካራ ቀለበት፣ ወፍራም ክፈፍ) እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ቱቦውን ከታች ብቻ የሚሸከም ኮርቻ ግድግዳውን ክብ አድርጎ አይይዝም፤ እንደ ድጋፍ አይቆጠርም።

2. ምልክቶቹ

ራ = ራዲየስ፣ ው = ውፍረት፣ ር = በድጋፎች መካከል ያለ ርዝመት፣ ሁሉም በሜትር
ኤ = የቁሱ የመለጠጥ ሞዱለስ፣ በፓስካል
ፖ = የፖይሰን ሬሾ፣ ማለትም ቁሱ ሲሳብ ወደ ጎን የሚቀጥንበት መጠን (ለብረት 0.3፣ ለጎማ 0.5)
እ = የፈሳሹ እፍግታ፣ በኪሎ ግራም በሜትር ኩብ
ፍ = የፍሰት ፍጥነት፣ በሜትር በሰከንድ
ጉ = የግፊት ጉድለት፣ ማለትም የውጭው ግፊት ሲቀነስ የውስጡ፣ በፓስካል
ን = በዙሪያው ላይ ያሉ ሙሉ ማዕበሎች ብዛት (ን = 2 ሲሆን ቱቦው እንቁላል ቅርጽ ይይዛል፣ 3 ሲሆን ሦስት ጉብታ ያወጣል፣ እያለ ይቀጥላል)
ም = በርዝመቱ ላይ ያሉ ግማሽ ማዕበሎች ብዛት

3. የግድግዳውን ግትርነት ማስላት

መጀመሪያ የመታጠፍ ግትርነቱ፦

ታ = ኤ × ው³ ÷ [12 × (1 − ፖ²)]

ቀጥሎ የማዕበሉ ቁጥሮች፦

ሞ = 3.1416 × ም ÷ ር
ነ = ን ÷ ራ

ከዚያ ለእያንዳንዱ ን እና ም፦

ግ = ታ × (ን² − 1)² ÷ ራ⁴ + (ኤ × ው ÷ ራ²) × ሞ⁴ ÷ (ሞ² + ነ²)²

የመጀመሪያው ክፍል የመታጠፍ ድርሻ ነው፤ ን ሲጨምር በፍጥነት ያድጋል። ሁለተኛው የመወጠር ድርሻ ነው፤ ን ሲጨምር ይወድቃል። ደካማው ቅርጽ ሁለቱ በሚቀራረቡበት አካባቢ ይገኛል፤ የትኛው እንደሆነ በዓይን መገመት ግን አይቻልም።

በቀላል የሼል (የስስ ግድግዳ) ቀመር በ(ን² − 1)² ፋንታ ን⁴ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ለን = 5 ልዩነቱ ከ9 ከመቶ አይበልጥም። ለን = 3 ግን የመታጠፉን ድርሻ በ27 ከመቶ፣ ለን = 2 በ78 ከመቶ አጋንኖ ያሳያል፤ ስህተቱም ወደ አደገኛው ጎን ነው።

4. የፈሳሹ ክብደት

ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አጠገቡ ያለው ፈሳሽ አብሮት ይንቀሳቀሳል። በአንድ ስኩዌር ሜትር ግድግዳ ላይ የሚታከለው ክብደት፣ ማዕበሉ በርዝመት ከራዲየሱ ብዙ እጥፍ ሲረዝም፣

ዝ = እ × ራ ÷ ን

ይሆናል። ፈሳሹ የሚያልፈው በሙሉው ቱቦ ውስጥ ሳይሆን በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ባለ ጠባብ ክፍተት ከሆነ ግን ይህ ቀመር ያሳስታል። ክፍተቱን ክ ብለን የውጭውን ሲሊንደር የማይነቃነቅ ብንወስድ ዝ ወደ እ × ራ² ÷ (ን² × ክ) ይጠጋል። በ0.5 ሜትር ራዲየስ፣ በ20 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ በን = 3 ከ167 ኪሎ ግራም ወደ 1400 አካባቢ ይዘላል። የሙቀት መከላከያ ስስ ሲሊንደሮች ትልቅ ከሚመስሉ ቱቦዎች ቀድመው የሚሸነፉበት ምክንያት ይኸው ነው፦ በጠባብ ክፍተት ውስጥ ያለ ፈሳሽ መውጫ ስለሌለው ለትንሽ የግድግዳ እንቅስቃሴ ብዙ መሮጥ አለበት።

5. የመረጋጋት ሚዛን

ሲሊንደሩ ቅርጹን የሚይዘው ለሁሉም ን እና ም፣

ግ > ጉ × (ን² − 1) ÷ ራ + ዝ × ሞ² × ፍ²

እስከሆነ ድረስ ነው። በቀኝ በኩል ያለው የመጨረሻው ክፍል የፍሰቱ ቀጥተኛ ሥራ ነው፦ ፈሳሹ የታጠፈ ግድግዳ ተከትሎ ሲዞር ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ግፊቱም ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል። የውስጥ ግፊት ከውጭው ከበለጠ ጉ ኔጌቲቭ ስለሚሆን ሲሊንደሩን ያግዘዋል።

ምሳሌ፦ የብረት ላሜራ ቱቦ፣ ራዲየስ 0.5 ሜትር፣ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር፣ በቀለበቶች መካከል 4 ሜትር፣ ኤ = 206 ጊጋፓስካል፣ ውሃ የሞላ። ታ = 151 ኒውተን ሜትር፣ ሞ = 0.785። ለም = 1 የሚወጣው ግትርነት፣ እያንዳንዱ ቅርጽ የሚሸነፍበት ፍጥነትና የሚሸነፍበት ጉድለት፦

ን = 2፦ ግ = 2293 ኪሎ ፓስካል በሜትር፤ በፍሰት ብቻ 122 ሜትር በሰከንድ፤ በግፊት ጉድለት ብቻ 382 ኪሎ ፓስካል
ን = 3፦ ግ = 622፤ 78 ሜትር በሰከንድ፤ 39 ኪሎ ፓስካል
ን = 4፦ ግ = 693፤ 95 ሜትር በሰከንድ፤ 23 ኪሎ ፓስካል
ን = 5፦ ግ = 1453፤ 153 ሜትር በሰከንድ፤ 30 ኪሎ ፓስካል

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ፍሰቱ የሚያሸንፈው ቅርጽ ን = 3 ሲሆን ጉድለቱ የሚያሸንፈው ን = 4 ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ የትኛው እንደሚቀድም የሚወሰነው በመጠናቸው ነው። ጉድለቱ 15 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ን = 3 እስከ 61 ሜትር በሰከንድ ሲችል ን = 4 በ56 ይሸነፋል። ጉድለቱ 20 ሲደርስ ን = 4 ከ35 ሜትር በሰከንድ አያልፍም።

ሌላው የሚታየው ነገር፣ የውሃ መስመር በተግባር በ78 ሜትር በሰከንድ አይሄድም። ከሙሉ የቫኪዩም ግፊት (101 ኪሎ ፓስካል) ሩብ እንኳ የማይሞላ ጉድለት ግን በየትኛውም መስመር ሊፈጠር ይችላል። ለብረትና ውሃ የፍሰቱ ዋና ጥፋት ቀጥተኛው ግፊያ ሳይሆን ግፊትን መስረቁ ነው። ውሃ ከቋት ተነስቶ 6 ሜትር በሰከንድ ሲደርስ 18 ኪሎ ፓስካል ግፊት ወደ ፍጥነት ይለወጣል። የቋቱ ውሃ ከቱቦው መሃል መስመር 1 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ፣ የፍትጊያ ኪሳራ ሳይቆጠር ገና ከመነሻው 8 ኪሎ ፓስካል ጉድለት ላይ ነዎት። በዚያ ላይ የ1 ሜትር ዲያሜትር ቱቦ ጣሪያ ከመሃሉ ይልቅ ግፊቱ 5 ኪሎ ፓስካል ያህል ዝቅ ይላል፤ ጉ ሲሰላ የጣሪያው ይያዝ።

6. በርዝመቱ ላይ ያሉትን ማዕበሎች አለመርሳት

ም = 1 ብቻ አስልቶ ማቆም በጣም የተለመደ ስህተት ነው። በአጭር ሲሊንደር (እንደ ላይኛው) አይጎዳም። በረጅምና ለስላሳ ቱቦ ግን መልሱን እጥፍ ያደርገዋል። የሲሊኮን ጎማ ቱቦ፣ ራዲየስ 10 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረት 0.5፣ ርዝመት 200፣ ኤ = 1 ሜጋፓስካል፣ ውሃ የሞላ፣ ን = 2፦

ም = 1፦ 3.2 ሜትር በሰከንድ
ም = 2፦ 1.8
ም = 3፦ 1.5
ም = 4፦ 1.6

ቁጥሩ ወርዶ ተመልሶ መነሳት እስኪጀምር ድረስ ም መጨመሩን ይቀጥሉ። ለግፊት ጉድለት ብቻ ከሆነ ግን ሁልጊዜ ም = 1 ነው ደካማው፤ ይህ ጎማ የሚችለው 42 ፓስካል ብቻ ነው፣ ማለትም ከ4 ሚሊ ሜትር ብዙም ያልበለጠ የውሃ ከፍታ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቱቦ ላይ ሙከራ ሲደረግ ፍሰቱ በመውጫው በኩል ባለ ፓምፕ አይሳብ፤ ከመግቢያው ይገፋ፣ የመውጫው ቱቦም ከፍ ይበል።

እንደ ምሰሶ መታጠፉንም (ን = 1) ይፈትሹ። በሁለት ጫፍ በነጻ መዞር ለሚችል ቱቦ፣

ፍ = (3.1416 ÷ ር) × √(ኤ × 3.1416 × ራ³ × ው ÷ በአንድ ሜትር ያለው የፈሳሽ ክብደት)

ጫፎቹ እንዳይዞሩ ከተያዙ ውጤቱ እጥፍ ይሆናል። የብረቱ ቱቦ 356 ሜትር በሰከንድ ይሰጣል፤ የሚያሳስብ አይደለም። ጎማው ግን በነጻ ጫፍ 1.1፣ በተያዘ ጫፍ 2.2 ይሰጣል። ይህ ማለት የጫፉ አያያዝ ብቻ ቱቦው እንደ ምሰሶ ይጎብጥ ወይስ ግድግዳው ይጨራመት የሚለውን ይወስናል።

7. ጫፎቹ በእርግጥ እንዴት ተይዘዋል?

እስካሁን የተጠቀምንበት ቀመር ጫፉ ክብ ሆኖ ይቆያል፣ ግድግዳው ግን በርዝመቱ አቅጣጫ መንሸራተት ይችላል ብሎ ይነሳል። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ከታሰረ፣ ለም = 1 በሁለተኛው የግትርነት ክፍል ሞ⁴ን በ(4.73 ÷ ር)⁴፣ በፍሰቱ ክፍል ሞ²ን በ12.3 ÷ ር² መተካት ይቻላል። የብረቱ ምሳሌ በግምት ወደ 117 ሜትር በሰከንድ ያድጋል።

ይህንን ጭማሪ ለመውሰድ አይቸኩሉ። የሚገኘው ግድግዳው በርዝመት አቅጣጫ ቅንጣት እንዳይንሸራተት ከተደረገ ብቻ ነው። ወፍራም ፍላንጅ ላይ ዙሪያውን የተበየደ ጫፍ ይህን ያሟላል ሊባል ይችላል። በክላምፕ የታሰረ ጎማ ወይም ስስ ፍላንጅ ግን ክብነቱን ይይዛል እንጂ መንሸራተቱን አያቆምም፤ የቀደመው ስሌት ይበቃዋል።

የመውጫው ጫፍ ልቅ የሆነ ሲሊንደር ደግሞ በዚህ መመሪያ አይፈተሽም። ሁለት ጫፉ የተያዘ በቅድሚያ ቀስ ብሎ በአንድ ቅርጽ ይሰረጉዳል፤ አንድ ጫፉ ልቅ የሆነ ግን ከፍሰቱ ጉልበት እየወሰደ ይርገበገባል፣ ሚዛኑም ግትርነትን ከግፊያ በማነጻጸር ብቻ አይገኝም።

8. ከስሌት ወደ ተፈቀደ መጠን

የተገኘው ቁጥር ፍጹም ክብ የሆነ ሲሊንደር ቁጥር ነው። ለግፊት ጉድለት በ0.75 ማባዛት የተለመደ ነው። ለፍሰት ፍጥነት ግን ከግማሹ በላይ መፍቀድ አይገባም እንላለን። ምክንያቱም ሁለት ጫፉ የተያዘ ስስ ሲሊንደር ከወሳኙ ፍጥነት (በስሌቱ ከሚሸነፍበት ፍጥነት) በታችም እያለ፣ በቂ ምት ከደረሰበት በአንድ ጊዜ ወደ ተሰረጎደው ቅርጽ ሊዘል ይችላል። ዘልሎም ፍጥነቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ አይስተካከልም፤ ለመመለስ ከዘለለበት ፍጥነት ብዙ ዝቅ ማለት አለበት። የፓምፕ መነሳት፣ የቫልቭ መዘጋት ወይም የአየር ቋጠሮ ማለፍ በቂ ምት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሁለቱን በአንድ መስመር ማገናኘት፦

(ጉ ÷ የተፈቀደ ጉድለት) + (ፍ ÷ የተፈቀደ ፍጥነት)² ≤ 1

የተፈቀዱት ከሁሉም ን እና ም ዝቅተኛዎቹ ስለሚሆኑ ይህ ሚዛን ወደ ጥንቃቄው ጎን ያደላል። በምሳሌው የተፈቀዱት 17.3 ኪሎ ፓስካልና 39 ሜትር በሰከንድ ናቸው። 10 ኪሎ ፓስካል ጉድለትና 6 ሜትር በሰከንድ ያለበት መስመር 0.58 + 0.02 = 0.60 ይሰጣል፤ ያልፋል።

ግን ቫልቩን አይርሱ። በዚህ ቱቦ ውስጥ የግፊት ማዕበል የሚጓዘው በ590 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ነው፤ ስስ ግድግዳ ስለሚለጠጥ በጠጣር ቱቦ ካለው ከ1480 እጅግ ያነሰ ነው። ከላይ በኩል ያለ ቫልቭ ፍሰቱን በድንገት በ0.1 ሜትር በሰከንድ ብቻ ቢቀንስ ግፊቱ 59 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። 23 የሚችለው ቱቦ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። የመዝጊያው ጊዜ ከ2 × የመስመሩ ሙሉ ርዝመት ÷ 590 ብዙ እጥፍ ይሁን፤ ለ300 ሜትር መስመር ይህ ጊዜ 1 ሰከንድ ያህል ስለሆነ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ማሰብ ይሻላል። ከቫልቩ በታች በኩልና በመስመሩ ከፍተኛ ነጥቦች ላይ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ይተከል።

9. ካላለፈ ምን ይደረግ?

የውስጥ ግፊቱን ከፍ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፦ መቆጣጠሪያ ቫልቩን ከመግቢያው ወደ መውጫው ማዞር ብቻውን ጉድለቱን ወደ ትርፍ ግፊት ሊለውጠው ይችላል።

ቀለበት መጨመር ሁለተኛው ነው። ርቀቱ ከ4 ወደ 2 ሜትር ሲወርድ የሚችለው ጉድለት ከ23 ወደ 49 ኪሎ ፓስካል ያድጋል። በፍሰት በኩል ግን ከ78 ወደ 95 ብቻ ነው የሚያድገው። ቀለበቱ ከውጭ ይሁን፤ ከውስጥ ከሆነ ፍሰቱን እየቆራረጠ ራሱ ንዝረት ይፈጥራል። ጠፍጣፋ ብረት በጠርዙ ቆሞ ይበየድ እንጂ ተኝቶ አይበየድ፣ ብየዳውም ተቃራኒ ጎኖችን እያፈራረቁ በአጭር በአጭሩ ይሠራ፤ አለበለዚያ የብየዳው ሙቀት ያጣመመው ግድግዳ የተገኘውን ጥቅም መልሶ ይወስደዋል።

ግድግዳውን ከ2 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ማወፈር ጉድለቱን ወደ 69 ኪሎ ፓስካል ያደርሰዋል። ክብደቱ ግን በግማሽ ይጨምራል፤ ቦታ ካለ ቀለበቱ ይመረጣል።

10. በመለኪያ ማረጋገጥ

ሳያበላሹ ወደ ወሳኙ ፍጥነት ምን ያህል እንደቀረቡ ለማወቅ የንዝረት ድግግሞሽን መከታተል ይቻላል። በሁለት ቀለበቶች መሃል፣ በዙሪያው ላይ እኩል በተራራቁ ቢያንስ 8 ነጥቦች ላይ የንዝረት መለኪያ ይለጥፉ፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ን = 4ን ከሌላው መለየት አይቻልም። ግድግዳውን በጎማ መዶሻ ቀስ ብለው መትተው ድግግሞሹን ያንብቡ። የምሳሌው ቱቦ ለን = 3 ባዶውን 30 ሄርዝ አካባቢ፣ ውሃ ሲሞላ 9 ሄርዝ አካባቢ መስጠት አለበት። ባዶው ከስሌቱ ከ15 ከመቶ በላይ ከራቀ ውፍረቱ ወይም የጫፉ አያያዝ እንደተገመተው አይደለም፤ ወደ ተራ ቁጥር 1 ወይም 7 ይመለሱ።

ከዚያ ፍሰቱን በደረጃ ከፍ እያደረጉ፣ በመለኪያው ቦታ ያለውን የውስጥ ግፊት ሳይለወጥ ይዘው፣ ድግግሞሹን ይመዝግቡ። ግፊቱ አብሮ ከተለወጠ ንባቡ ዋጋ የለውም። የድግግሞሹን ስኩዌር በፍጥነቱ ስኩዌር አንጻር ሲስሉት ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር ሊሆን ይገባል፦ ከ9.2 ሄርዝ የተነሳው በ20 ሜትር በሰከንድ 8.9፣ በ40 ደግሞ 7.9 ይሆናል። መስመሩን በማስመሪያ እስከ ዜሮ ሲያስረዝሙት የሚቆርጠው ቦታ የወሳኙ ፍጥነት ስኩዌር ነው። ከመስመሩ በታች መውደቅ የጀመረ ነጥብ ካዩ፣ ወይም መዶሻው ከተመታ በኋላ ንዝረቱ ቀድሞ ይጠፋ ከነበረው ዘግይቶ ከጠፋ፣ ፍጥነቱን አይጨምሩ። ፓምፑን ቀስ ብለው ይቀንሱ፤ መግቢያው ላይ ያለውን ቫልቭ ግን አይንኩ።